ጉድለት ያለበት የፀረ ግፍ ዘመቻ ሊደገፍ ይገባዋል?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ሕፃናትን እያፈነ ለውጊያ ስለሚያሰልፍ ታጣቂ ቡድን የተሠራ የዘመቻ ፊልም አየሁ። እያለቀስኩ ለወዳጆቼ አጋራሁት፤ ገንዘብም ላክሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ዘመቻው ታሪኩን ከመጠን በላይ እንዳሳጠረው፣ ከገንዘቡ ብዙው ለፊልምና ለጉዞ እንደሚውል፣ የግፉ ሰለባዎችም ራሳቸው እንዳልወደዱት አነበብሁ። ኮኒ 2012 የተባለው ፊልም በወጣበት ዘመን የተባለው ሁሉ ተደገመ ይላሉ። የተታለልሁ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ዘመቻ ሊደገፍ ይገባዋል ወይስ እጅን መሰብሰብ ይሻላል? ያጋራሁትንስ ላጥፋው?»

ይደገፋል፤ ሁሉም ግን አይደለም፣ በሁሉም መንገድም አይደለም። በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ጉዳዮች ተቀላቅለዋል፦ ዘመቻው ምን ያህል ይሳሳታል የሚለውና የስሕተቱን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው። ተቺዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በፊተኛው ላይ ነው፤ ለውሳኔ የሚጠቅመው ግን ኋለኛው ነው። አንድ ዘመቻ የዋህ ቢሆን፣ ስሜት ቢያበዛ፣ መፈክር የታተመበት ካናቴራ ቢሸጥ የሚጎዳው የራሱ ስም ነው። የሟቾችን ቁጥር ሲያጋንን፣ የተደፈረችን ልጅ ፊት ሲያሳይ ወይም የታፈኑ ሕፃናት ባሉበት ጫካ ላይ ጥቃት እንዲከፈት ሲገፋፋ ግን ዕዳው በሰለባዎቹ ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያውን ዓይነት ጉድለት ታግሠን ልንደግፍ እንችላለን። ሁለተኛውን መታገሥ የለብንም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮኒ 2012ን ስላነሡት ከእሱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጫጫታውን እንጂ ነገሩን አይደለም። ፊልሙን የሠራው ኢንቪዚብል ችልድረን የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ነው። በማርች 2012 መጀመሪያ ላይ ተለቀቀ፤ ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ሆኖ ሳለ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። ዓላማው ኤልአርኤ በሚል ምሕጻር የሚታወቀውን የጌታ ተከላካይ ጦር የሚመራው ጆሴፍ ኮኒ በዓለም እንዲታወቅና እንዲያዝ ማድረግ ነበር። ኮኒ በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ኡጋንዳ ያደራጀው ይህ ቡድን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን አፍኗል፤ ልጆችን በግድ ጠመንጃ አስይዟል፤ ሴት ልጆችን ለአዛዦች ሚስት ብሎ አከፋፍሏል፤ የመንደር ሰዎችን ከንፈርና ጆሮ ቆርጧል። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በኮኒና በአራት አዛዦቹ ላይ የእስር ማዘዣ ያወጣው በ2005 ነው፤ ፊልሙ ከመሠራቱ ከሰባት ዓመት በፊት ማለት ነው። ስለዚህ ፊልሙ በዋናው ነገር አልዋሸም። ሰውየውም ወንጀሉም እውነት ናቸው።

ጥፋቱ በተወው ነገር ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ጉዳዩን ለትንሽ ልጁ ሲያስረዳ በፊልሙ ላይ ይታያል፤ ለአዋቂውም የተነገረው ታሪክ ከዚያ ብዙ አልራቀም። ኤልአርኤ ከ2006 ገደማ ጀምሮ ከኡጋንዳ ወጥቶ በዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክና በደቡብ ሱዳን ጫካዎች ሰው ይገድል ነበር። ፊልሙ ይህን በጥድፊያ አልፎት ተመልካቹን በሰሜን ኡጋንዳዋ ከተማ በጉሉ ላይ አቆመው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሉ ኡጋንዳውያን አልተሳሳቱም፤ ጅቡ የሄደባቸው የኮንጎ መንደሮች ግን በዚያው ሰዓት እየተጠቁ ነበር፤ ጩኸቱ ወደ እነሱ መዞር ነበረበት። ከዚህ የሚብሰው ግድፈት ሌላ ነው። የኡጋንዳ መንግሥት ከ1996 ጀምሮ በሰሜን የሚኖረውን የአቾሊን ሕዝብ ከቀዬው አስነሥቶ ወደ ካምፖች አስገባው። በጦርነቱ መጨረሻ ዓመታት የተፈናቃዩ ቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ነበር። በ2005 በካምፖቹ የተደረገ የጤና ጥናት ከወትሮው በላይ የሆነው ሞት በሳምንት 1,000 ገደማ እንደሚደርስ ገመተ፤ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው በወባና በሌሎች በሽታዎች ነበር። የመንግሥቱ ወታደሮችም በሰላማዊ ሰዎች ላይ ግፍ ፈጽመዋል። ፊልሙ አንድ ክፉ ሰው ብቻ አሳይቶ ያን ሠራዊት የመፍትሔው እጅ አደረገው። በዚያው ወር በሰሜን ኡጋንዳ ሊራ ከተማ ፊልሙ ለሕዝብ ሲታይ ተመልካቹ ተቆጥቶ ድንጋይ መወርወሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ልጁን የተነጠቀ ሰው የነጣቂው ስም በፖስተርና በካናቴራ ላይ ሲታተም ቢያይ ምን ይሰማዋል? ይህን አስቀድሞ ለመጠየቅ ሊራ ድረስ መሄድ እንኳ አያስፈልግም ነበር።

እስካሁን ያልሁት ተቺዎቹ ልክ እንደነበሩ ያሳያል። ከትችቱ ጋር የተሠራጩ ሁለት የተሳሳቱ ግንዛቤዎች ደግሞ አሉ፤ እርስዎንም ያስጨነቁት እነሱ ይመስሉኛል።

አንደኛው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ኢንቪዚብል ችልድረን በ2011 ካወጣው ገንዘብ በአካባቢው ለሚሰጥ ቀጥተኛ አገልግሎት የዋለው ሲሶ ገደማ ብቻ መሆኑ ሲሰማ ብዙ ሰው ዘረፋ አድርጎ ቆጠረው። ሂሳቡ ግን በድርጅቱ ይፋ የተደረገ ነበር። የቅስቀሳ ድርጅት ሥራው መቀስቀስ ነው፤ ፊልም፣ ጉዞና ስብሰባ ለእሱ የሥራ ማስኬጃ ብቻ ሳይሆኑ ሥራው ራሱ ናቸው። መጠየቅ ያለበት ለለጋሹ ምን ተነገረው የሚለው ነው። «ገንዘብዎ ሕፃን ያድናል» ተብሎ ተሰብስቦ ለፖስተር ከዋለ ማታለል ነው። «ምክር ቤት እንዲነቃ እንገፋበታለን» ተብሎ ለዚያው ከዋለ ደግሞ አልተታለሉም፤ ምናልባት የእርስዎ ፍላጎት ሌላ ነበር፤ ያ ከሆነ ቁስለኛ ለሚያክም ድርጅት ይስጡ።

ሁለተኛው «ኮኒ እስከ ዛሬ አልተያዘም፤ ስለዚህ ዘመቻው ከሸፈ» የሚለው ነው። ኮኒ በእርግጥ አልተያዘም፤ ፍርድ ቤቱ በሴፕቴምበር 2025 ክሱን የሰማው እሱ በሌለበት ነው። ነገር ግን የዘመቻ ውጤት በአንድ ሰው መያዝ ብቻ አይለካም። ለዓመታት የተደረገው ግፊት ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ፍሬ ማፍራት ጀምሮ ነበር፤ በሜይ 2010 የአሜሪካ ምክር ቤት በኤልአርኤ ላይ ሕግ አወጣ፤ በኦክቶበር 2011 ደግሞ 100 ያህል ወታደራዊ አማካሪዎች ወደ አካባቢው ተላኩ። ከፊልሙ በኋላ በኤፕሪል 2013 ለኮኒ መያዝ እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ወሮታ ተመደበ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የእኔን ዓይን የሚስበው ማንም ያላጨበጨበለት ሥራ ነው። ድርጅቱ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆኖ በኮንጎና በመካከለኛው አፍሪካ መንደሮች የመገናኛ ራዲዮ መረብ ዘረጋ፤ አንዱ መንደር ሲጠቃ ለቀጣዩ ይነገራል። ታጣቂዎቹ እጃቸውን እንዲሰጡ የሚጠሩ የኤፍኤም ስርጭቶችና በራሪ ወረቀቶች ተዘጋጁ፤ ከጫካ ያመለጡ ሰዎች ድምፅ ጫካ ላሉት ተሰማ። በእነዚያ ዓመታት ብዙዎች ከድተው ወጡ፤ የቡድኑም ጉልበት ተሟጠጠ። ይህን ሁሉ ፊልሙ አመጣው አልልም፤ ሠራዊቶች፣ የሃይማኖት አባቶችና የታፈኑት ልጆች ራሳቸው ድርሻ አላቸው። ፊልሙ ብቻውን ግን ምን ሊያደርግ እንደማይችል ታይቷል። ኤፕሪል 20 ቀን 2012 ሌሊት ደጋፊዎች ከተሞችን በፖስተር እንዲሸፍኑ ተጠርተው የመጣው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። መቶ ሚሊዮን ዕይታ በስድስት ሳምንት ውስጥ እንዲያ ይተናል።

ዝምታ ንጹሕ አማራጭ የሚመስላቸው ሰዎች ከፊልሙ በፊት የነበረውን ዘመን ቢያዩ መልካም ነው። በኦክቶበር 1996 ኤልአርኤ አቦኬ ከሚገኘው የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት 139 ልጃገረዶችን ወሰደ። ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ሲስተር ራኬሌ ፋሴራ ታጣቂዎቹን በእግር ተከትለው 109ኙን አስለቀቁ፤ 30ዎቹ ቀሩ። የቀሩት ልጆች ወላጆች ማኅበር አቋቁመው የየአገሩን በር አንኳኩ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና ቫቲካን ድረስ ሰሚ ፈለጉ። ጦርነቱ ግን ቀጠለ። በ2003 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ኃላፊ ያን ኤግላንድ ሰሜን ኡጋንዳን ዓለም እጅግ ቸል ያለው ሰብአዊ ቀውስ ሲሉ ጠሩት። በዚያን ጊዜ በየምሽቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እንዳይታፈኑ ከየመንደራቸው በእግር እየተጓዙ ጉሉና ሌሎች ከተሞች ውስጥ በረንዳ ላይ ያድሩ ነበር። ያ ዝምታ ማንንም አላዋረደም፣ ታሪኩንም አላሳጠረም፤ ልጆቹ ግን ለዓመታት በዚያው በረንዳ ላይ አደሩ።

እንከን የሞላበት ዘመቻ ትልቅ ነገር ሊሠራ እንደሚችል ለማየት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ልመለስ። በቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ የግል ይዞታ በነበረችው ኮንጎ ሕዝቡ ጎማ እንዲያመጣ በጅራፍ፣ በእገታና እጅ በመቁረጥ ይገደድ ነበር። የእንግሊዝ የመርከብ ድርጅት ሠራተኛ የነበረው ኤድመንድ ሞሬል መርከቦቹ ከኮንጎ ጎማና የዝሆን ጥርስ ጭነው ሲመጡ፣ ሲመለሱ ግን ከሸቀጥ ይልቅ ጠመንጃና ጥይት እንደሚጭኑ ከመዝገቡ አየ። ንግድ እንዳልሆነ ገባው። በ1904 የኮንጎ ተሐድሶ ማኅበርን መሠረተ። አሊስ ሲሊ ሃሪስ የተባለች ሚስዮናዊት አባት በተቆረጠ የልጁ እጅና እግር ፊት ተቀምጦ ያነሣችው ፎቶግራፍ በየአዳራሹ በሸራ ላይ እየታየ ሕዝብ አስነሣ። በ1908 ሊዮፖልድ ኮንጎን ለመልቀቅ ተገደደ።

ይህ ዘመቻ በዛሬ ዓይን ቢመዘን ያልፍ ነበር? ሞሬል የቅኝ አገዛዝን አልተቃወመም፤ የተቃወመው የሊዮፖልድን ዓይነት አገዛዝ ነው። በ1920 በጀርመን ራይን አካባቢ በሰፈሩ ጥቁር የፈረንሳይ ወታደሮች ላይ ዘረኛ ጽሑፍ ያሳተመውም ይኸው ሰው ነው። ከእሱ ቀድመው የጮኹ ጥቁር አሜሪካውያን፣ በ1890 ለንጉሡ ግልጽ ደብዳቤ የጻፈው ጆርጅ ዋሽንግተን ዊልያምስና በ1899 የተቆረጡ እጆችን ቆጥሮ የመዘገበው ዊልያም ሼፐርድ፣ የሚገባቸውን ያህል አልተነገረላቸውም። ቤልጅግ ከተረከበች በኋላም የግዳጅ ሥራው ወዲያው አልቀረም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ቢሆንም በዚያ ዘመን የነበርሁ ብሆን ማኅበሩን እደግፍ ነበር። ምክንያቱን ልንገርዎ። የማኅበሩ ጉድለት በመሪዎቹ አስተሳሰብ ውስጥ ነበር፤ ማስረጃው ግን የቆመው በኮንጎዎቹ ምስክርነት ላይ ነው። ሊዮፖልድ ራሱ ተገድዶ የላከው አጣሪ ኮሚሽን በ1904 እና 1905 ምስክሮችን ሲሰማ ሎንቱሉ የተባሉ የቦሊማ አለቃ 110 ጭራሮ ይዘው ቀረቡ፤ ስለ ጎማ ከተገደሉባቸው ሰዎች ለእያንዳንዱ አንዳንድ። ጭራሮዎቹን እያስቀመጡ የሟቾቹን ስም ጠሩ። ኮሚሽኑ ሲጨርስ ክሱን ከማረጋገጥ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ዘመቻ ከእንዲህ ያለ ማስረጃ ጋር ሲታሰር የመሪው ድክመት እውነቱን አያፈርሰውም።

የሱዳኗ ዳርፉር ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጠናል። በ2004 የተቋቋመው ሴቭ ዳርፉር የተባለው ጥምረት በአሜሪካ ካየናቸው የፀረ ግፍ ንቅናቄዎች ትልቁ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ በመንግሥትና በአጋር ሚሊሻዎቹ የተፈጸመው ግድያ እጅግ የከፋው በ2003 እና 2004 ሲሆን የዘመቻው ድምፅ የጎላው ግን ከ2006 በኋላ ነው። በማስታወቂያዎቹ 400,000 ሰው እንደተገደለ አድርጎ በማቅረቡ በ2007 የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ቁጥሩ አከራካሪ ሳለ እንደ እርግጠኛ ነገር መቅረቡ ስሕተት ነው ብሎ ወሰነ። አቤቱታውን ያቀረበው ለካርቱም መንግሥት የሚቆረቆር ቡድን ነበር። የማጋነን አደጋው ይኸው ነው፤ እውነተኛው ቁጥር በራሱ የሚያስለቅስ ሆኖ ሳለ ለካጆች መሣሪያ ያቀብላል። በዚያው ዓመት ጥምረቱ ዳርፉር ላይ አውሮፕላን እንዳይበር ይከልከል እያለ ሲወተውት መስኩ ላይ የነበሩ የእርዳታ ድርጅቶች ተቃወሙ፤ ሐሳቡ ቢፈጸም ምግብና መድኃኒት የሚያደርሱት በረራዎች ይስተጓጎሉ ነበር። በማርች 2009 በወቅቱ የሱዳን ፕሬዚዳንት በነበሩት በኦማር አል በሽር ላይ የእስር ማዘዣ ሲወጣ መንግሥቱ ወዲያው 13 ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅቶችን አባረረ። ማዘዣው መውጣት አልነበረበትም እያልሁ አይደለም፤ ግፈኛ ሲነካ የሚበቀለው በእጁ ያለውን ሕዝብ መሆኑን ግን ዘመቻ የሚመራ ሰው አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ከሁሉ የምፈራው የጦር ጥሪን ነው። በዲሴምበር 2008 ኡጋንዳ በአሜሪካ ድጋፍ በኮንጎ የኤልአርኤ ሰፈር ላይ ድንገተኛ ጥቃት ከፈተች። ኮኒ አመለጠ። ለመንደሮቹ የተዘጋጀ ጥበቃ አልነበረም፤ ታጣቂዎቹ በገና ሰሞን በተከታታይ በወሰዱት የበቀል ጭፍጨፋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። ሌላም ነገር አለ። የኤልአርኤ ተዋጊ ማን ነው? ዶሚኒክ ኦንግዌን በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የታፈነ ነው፤ አድጎ አዛዥ ሆነ፤ በ2015 እጁን ሰጠ፤ በ2021 በ61 ክሶች ጥፋተኛ ተብሎ 25 ዓመት ተፈረደበት። በዚያ ጫካ የሚወድቀው ቦምብ የታፈነውን ከአፋኙ አይለይም። «ኮኒን አስቁሙ» ብሎ የፈረመ ወጣት ይህን ሊያውቅ ይገባው ነበር፤ ፊልሙም ሊነግረው ይገባ ነበር።

«የሰለባዎቹን ድምፅ ስሙ» የሚለው ምክር ትክክል ቢሆንም ሰለባዎች ሁሉ አንድ ድምፅ አላቸው ብለው አይጠብቁ። የአቾሊ የሃይማኖት አባቶች ለዓመታት ምሕረትና ድርድር ጠይቀዋል፤ በ2000 የወጣውም የኡጋንዳ የምሕረት ሕግ የዚህ ልመና ፍሬ ነው። በጁባ የተካሄደው የኡጋንዳ መንግሥትና የኤልአርኤ የሰላም ድርድር በ2008 ኮኒ አልፈርምም በማለቱ ሲከሽፍ በየሌሊቱ የሚጠቁት የኮንጎ ነዋሪዎች የሚሹት የሚጠብቃቸው ኃይል ነበር። ሁለቱም እውነት አላቸው። ታማኝ ዘመቻ ይህን ልዩነት ለደጋፊው ይነግረዋል።

በናይጄሪያ ቺቦክ በኤፕሪል 2014 ቦኮ ሐራም 276 ተማሪዎችን ሲወስድ የተነሣው «ልጆቻችንን መልሱ» ዘመቻ የተሻለ ምሳሌ ነው። የተጀመረው በናይጄሪያውያን ነው፤ የቀድሞዋ ሚኒስትር ኦቢያጌሊ ኢዜክዌሲሊና ጓደኞቻቸው የዓለም ዝነኞች ከረሱት በኋላም አቡጃ አደባባይ ላይ መቀመጣቸውን አላቆሙም። በ2016 21፣ በ2017 ደግሞ 82 ልጃገረዶች በድርድር ተፈቱ። ጉድለቱም አልጠፋም፤ የቺቦክ ስም ሲገን ከእሱ ሁለት ወር ቀድሞ በቡኒ ያዲ ትምህርት ቤት የተገደሉት 59 ወንዶች ልጆች በዓለም መድረክ ብዙም አልተወሱም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ድጋፍን አንድ ነገር አድርገው አይዩት። ጆሮ መስጠትና ስለ ጉዳዩ መናገር በትንሽ መተማመኛ ሊደረግ ይችላል፤ መሠረታዊው ወንጀል ነጻ በሆኑ መርማሪዎች መረጋገጡን ካዩ በቂ ነው። ፊርማ ከመስጠትዎ በፊት ጥያቄው ለማን እንደቀረበና ምን እንዲደረግ እንደሚፈልግ በግልጽ ያንብቡ፤ «ዓለም ይንቃ» ብቻ ከሆነ የሚያደርሰው የለም። ለገንዘብ መስፈርቱ ይጠንክር፦ የተመረመረ ሂሳብ፣ ከግፉ አካባቢ የመጡና እምቢ የማለት ሥልጣን ያላቸው ሰዎች በአመራሩ ውስጥ፣ ስሕተት ሲነገረው የማረም ልማድ። በዚህ ረገድ ኢንቪዚብል ችልድረን ትችቱ ከወረደበት በኋላ በአንድ ወር ውስጥ የአካባቢውን ሰዎች ድምፅ ያካተተ ሁለተኛ ፊልም ማውጣቱን እቆጥርለታለሁ፤ ዘግይቷል፣ ያየውም ጥቂት ሰው ነው፤ አርሟል ግን። ጦር እንዲዘምት ለሚጠይቅ ዘመቻ ደግሞ ሕዝቡ ከበቀል የሚጠበቅበት ዕቅድ በዝርዝር ካልቀረበ በስተቀር ድጋፍዎን ይከልክሉ። እዚህ ላይ አልደራደርም።

የሰጡት ገንዘብ አይቆጭዎት፤ ቀጣዩን ግን ይከፋፍሉት። አንዱን ክፍል መስፈርቱን ላሟላ ቅስቀሳ፣ የቀረውን ደግሞ ከጫካ የተመለሱትን ለሚያቋቁሙ ይስጡ። ተደፍረው የወለዷቸውን ልጆች ይዘው የተመለሱ እናቶች በየመንደራቸው ተገልለዋል፣ መሬት ተነፍገዋል፤ የእነሱ ችግር ካሜራ ከሄደ በኋላ አሥርና ሃያ ዓመት ይቀጥላል። ትንሽም ብትሆን በየወሩ የምትሰጥ ገንዘብ በአንድ ቀን እንባ ከሚላከው በላይ ትጠቅማቸዋለች።

ያጋሩትን ፊልም በተመለከተ፣ ስሕተቱ የተተወ ወይም ያጠረ ታሪክ ከሆነ አያጥፉት፤ ያነበቡትን ትችትና ማረሚያውን በዚያው ሥር ይጨምሩበት፤ ያዩት ወዳጆችዎ እርስዎን ስለሚያምኑ ማረሚያውንም ያነባሉ። ፊልሙ ላይ የተደፈረች ወይም የታፈነች ልጅ ማንነቷ በሚለይ መንገድ ከታየ ግን ዛሬውኑ ያጥፉት፤ አዘጋጆቹም ፊቷን እንዲሸፍኑ በስምዎ ይጻፉላቸው፤ እንቢ ካሉ ገንዘብዎን አይላኩላቸው።